ስምንት ሰው ይበቃል

ይህ ጽሑፍ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አዳራሽ፣ ለጀማሪ አስጎብኚዎች፣ ለሾፌሮችና የሰንበት ሃይኪንግ ለሚያዘጋጁ ወጣቶች ያደረግኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው አንዳንዱን አሳጥሬዋለሁ። ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ሁለቱን መጨረሻ ላይ አስገብቻቸዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብለን እናዳምጥ። መስኮቱ ክፍት ነው።

ሰማችሁ? ታክሲው አለ። «ፒያሳ፣ ፒያሳ» የሚለው ረዳት አለ። ከሁሉም በላይ ግን ከዛፉ ጫፍ አንድ ሻካራ ጩኸት መጣ። ሰው ከት ብሎ የሚስቅ ይመስላል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ድምፅ ሳይሰማ አልኖረም። የወፍ ድምፅ ነው። ወደ ታች የታጠፈ ረጅም ምንቃር አላት። ክንፏ ላይ ነጭ አለ። ጉሮሮዋ ስር ቀጭን ቆዳ ተንጠልጥሏል። ጠዋት ጠዋት በየግቢው ሣር ላይ ትል ስትለቅም ታዩዋታላችሁ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ በዓለም ላይ የትም አትገኝም።

ወፍ ሊያይ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ሆቴሉ በር ላይ ሲያያት ሻንጣውን መሬት ጥሎ ባይኖኩላሩን ፍለጋ ቦርሳውን ሲበረብር አይቻለሁ። እኛ በየቀኑ ስሯ እናልፋለን። ይህን ያነሳሁት ልወቅሳችሁ ብዬ አይደለም። የምናሳየው ነገር ሞልቶናል ለማለት ነው። የቸገረን የምናሳይበት መንገድ ነው።

ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። የዱር እንስሳ ለማየት በአንድ ጉዞ ስምንት ሰው ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ከእንስሳው ላይ እንወስዳለን። አጠገቡ ከሚኖረው ገበሬ ላይም እንወስዳለን። ለምን እንዲህ እንደምል ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ሥራውን የጀመርኩት በአውቶቡስ ነው። አርባ አምስት ሰው ጭነን፣ በእንጦጦ ወጥተን፣ ሱሉልታን ጫንጮን አልፈን ደብረ ሊባኖስ። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ ይመቻል። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም። በዓለም ካሉት የዝንጀሮና የጦጣ ዘሮች ሁሉ ሣር ግጦ የሚኖረው እሱ ብቻ ነው። ጣቱም፣ ጥርሱም ለሣር የተሠራ ነው።

እንግዲህ አርባ አምስት ሰው ወረደ። ስፒከር ተከፈተ። ሙዝ፣ ዳቦ፣ ብስኩት መወርወር ተጀመረ። እኔ አልከለከልኩም። እንዲያውም እንዲጠጉልን ብዬ ቆሎ የበተንኩት እኔ ነኝ። አንዱ ትልቅ ወንድ ጭላዳ የአንዲት ልጅ ቦርሳ ነጥቆ ሮጠ፤ ሰው ሳቀ፤ ፎቶ ተነሳ። ሃያ ደቂቃ አልሞላም፣ ተሳፈርን።

መንገድ ዳር አንድ ገበሬ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። አልጮሁብኝም። እንስሳቱ ከሰው እጅ መብላት ከለመዱ ወዲህ ሰው እንደማይፈሩ ነገሩኝ። ገብስ ሲያሽት ማሳው ውስጥ እንደሚገቡ፣ ልጃቸው ከትምህርት ቀርቶ ማሳ እንደሚጠብቅ ነገሩኝ። ከዚያ ለመሆኑ ከኛ አገር ምን ገዛችሁ ብለው ጠየቁኝ።

መልስ አልነበረኝም። ውሃውን ከአዲስ አበባ ጭነን ነው የሄድነው። ምሳውም በካርቶን ታሽጎ ከአዲስ አበባ ነው የሄደው። ብስኩቱ እንኳን ከዚሁ ሱቅ ነው። እዚያ የተውነው ባዶ ጠርሙስና ሰው መድፈር የለመዱ እንስሳትን ነው። አዲስ አበባ እስክንገባ ድረስ የሳቸው ጥያቄ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ሁለተኛው ጥፋቴ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። ሳነቴ አምባ ወደ አራት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭቶ፣ ጅብራው እንደ ዘበኛ ተገትሮ ታገኙታላችሁ። ያን ጊዜ ሦስት ላንድክሩዘር ሙሉ እንግዳ ነበረኝ። ሁሉም ቀይ ቀበሮ ማየት ይፈልጋል። ጊዜ ግን አልነበረንም፤ ምሳ ጎባ ታዟል። ከመንገዱ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ አንድ ቀበሮ ታየ። «ግባ፣ ግባ» አልኩ። ሾፌሩ አመነታ፤ እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ሦስቱም መኪና ከመንገድ ወጣ። ቀበሮው ሮጠ። እኛም ተከተልነው። ያነሳነው ፎቶ የጀርባው ነው።

በዓመቱ በዚያው ሳልፍ የጎማችን ዱካ እንዳለ ነበር። አፈሩ ለስላሳ ነው፤ ብርዱም ሣሩን ቶሎ አያበቅለውም። ዱካው ያለፈው ደግሞ በፍልፈል ጉድጓዶች ላይ ነበር። ፍልፈሉ ማለት የቀበሮው ቀለብ ነው። ሊያዩት የመጡ እንግዶችን ይዤ ቀለቡን ነው የረገጥኩበት። ከዚያ በኋላ ነው ቁጥሩን የቀነስኩት።

ለምን ስምንት? ምሥጢር የለውም፤ በልምድ የመጣ ቁጥር ነው። ስምንት ሰው ከነጓዙ በአንድ ሃይሩፍ ይገባል። አንድ አስጎብኚ ስምንት ሰው በዓይኑ መቆጣጠር ይችላል። በሹክሹክታ ብትናገሩ ስምንተኛው ሰው ይሰማችኋል። አሥራ አምስት ሲሆን ድምፅ ከፍ ይላል፣ ድምፅ ከፍ ሲል እንስሳው ይሄዳል። ስምንት ሰው አንዲት እናት ቤት ገብቶ ሽሮ መብላት ይችላል። አርባ አምስት ሰው ግን የግድ ምግቡን ጭኖ ነው የሚመጣው፤ የሚያስተናግደው ቤት የለማ። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ ገንዘቡ ራሱ ወደ መንደሩ ይሄዳል። ይህን ያስተማሩኝ እኚያ ገበሬ ናቸው ማለት እችላለሁ።

አሁን አንድ ጠዋት ልውሰዳችሁ።

ሳነቴ ላይ ነን፤ በዚህኛው ጊዜ ስምንት ሰው ብቻ ይዣለሁ። ስድስቱ የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው። መኪናውን መንገዱ ላይ አቁመን፣ ትንሽ በእግር ሄደን፣ አንድ ጅብራ ስር ተቀመጥን። ከስካውቱ፣ ማለትም ከፓርኩ ጠባቂ፣ ጋር የተስማማነው መቀመጥ ብቻ ነው፤ መከተል የለም። አሥር ደቂቃ ምንም የለም። ሃያ ደቂቃ ምንም የለም። ብርዱ በጫማ ውስጥ ይገባል።

ከዚያ ፊት ለፊታችን አፈር ተነቃነቀ። አንድ ፍልፈል ጭንቅላቱን ብቅ አደረገ። ይህ የምታውቁት የጓሮ ፍልፈል እንዳይመስላችሁ። አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከባሌ ሌላ በዓለም ላይ የትም የለም። ቀኑን በአብዛኛው መሬት ውስጥ ነው የሚያሳልፈው። ለትንሽ ጊዜ ብቻ ይወጣና ጉድጓዱ አፍ ላይ ያለውን ሣር በጥርሱ እያጨደ ወደ ውስጥ ይጎትታል። አጠገቡ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ መጥታ ቆመች። ፍልፈሉ አፈር ሲገለብጥ የሚወጣውን ነፍሳት ትለቅማለች። አብረው መታየታቸውን ተመራማሪዎችም ጽፈውበታል።

ቀበሮው ከግራ መጣ። እኛን አይቶናል፤ ግን አልተንቀሳቀስንም። ሆዱን መሬት አስጠግቶ፣ ጆሮውን ወደ ፊት ቀስሮ፣ አንድ እርምጃ ይራመድና ይቆማል። ሌላ እርምጃ፣ ይቆማል። ከአፍንጫው የሚወጣው እንፋሎት ይታያል። አጠገቤ የተቀመጠችው የባንክ ሠራተኛ እጅጌዬን ጨምድዳ ይዛኛለች። ቀበሮው ዘለለ። አፈር ተበተነ። ፍልፈሉ ገብቷል። ቀበሮው ጉድጓዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ቧጥጦ፣ ራሱን አራግፎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ በዝግታ ሄደ።

ያቺ ልጅ ፎቶ አላነሳችም። ጓንቷን ማውለቅ አልፈለገችም ነበር፤ ድምፅ ያሰማል ብላ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እስካለበት እስከ ዲንሾ ድረስ መኪና ውስጥ ያወራችው ስለዚያ እንፋሎት ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመልሳለች፤ ሰውም ይዛ መጥታለች።

የባሌ እረኛ ይህን እንስሳ ጀዳላ ፈርዳ ይለዋል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። ሊወልዱ የደረሱ ፈረሶችንና ላሞችን እየተከተለ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው ይባላል። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም። ከግማሽ የሚበልጡት ባሌ ናቸው። ቁጥሩን ስትሰሙ ጠላቱ ጥይት ሊመስላችሁ ይችላል። አይደለም። እርሻውና ግጦሹ ወደ ላይ እየወጣ መሬቱን ያጠብበታል። ቶሎ የሚጨርሰው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 እዚያው ባሌ ባለው ዌብ ሸለቆ ውስጥ በሽታው ገብቶ እዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ገደማ ፈጅቷል። የሚያመጣው የእረኛ ውሻ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ነገሩ እኛን ይነካል።

ድንኳን ተክለናል እንበል። ማታ ወጥ ሰሪው ጥብስ ሠርቷል። አጥንቱ ይጣላል። ማለዳ ሁለት ውሻ ድንኳኑ ዳር ተኝቶ ታገኛላችሁ። እንግዳው «ሲያምሩ!» ብሎ ዳቦ ይሰጣቸዋል። በማግስቱ አራት ይሆናሉ። ስንነሳ እስከ ሚቀጥለው ሰፈር ይከተሉናል፤ የቀበሮ መሬት መሃል ለመሃል ማለት ነው። አንድ አጥንት ናት። እኔ ስንት ዓመት ስጥል ኖሬያለሁ፤ ማንም አልነገረኝም። አሁን ትርፍራፊ ምግብ በጠቅላላ በከረጢት ይታሰራል፣ ከጓዙ ጋር ይጫናል፣ ከፓርኩ ይወጣል። እንግዳው ውሻ እንዳያበላ መጀመሪያ ቀን ማታ እነግረዋለሁ። ምክንያቱን ስነግረው አንድም ቅር ያለው ሰው አላጋጠመኝም።

እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ውሾችን ይከትባል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ለራሳቸው ለቀበሮዎቹ በፍየል ሥጋ ውስጥ የተደበቀ ክትባት መስጠት ተጀምሯል። ሥራውን የሚሠሩት በፈረስ በእግር የሚዞሩ የአካባቢው ልጆች ናቸው። ውርጭ ውስጥ ያድራሉ። ስታገኟቸው ሻይ ስጧቸው፣ ያያችሁትን ቀበሮ የት እንዳያችሁት፣ ስንት እንደሆነ፣ የታመመ የሚመስል ካለም ንገሯቸው። እኛ አስጎብኚዎች በዓመት ብዙ ቀን እዚያ ነን፤ ዓይናችን ይጠቅማል።

ስለ ገንዘብ እናውራ። «ከገቢያችን ይህን ያህል ለተፈጥሮ ጥበቃ እንሰጣለን» የሚል ማስታወቂያ ታያላችሁ። መስጠቱ መልካም ነው። እኔ ግን ከልገሳው በፊት የሥራው ገንዘብ በማን እጅ እንደሚያልፍ ይታይ ባይ ነኝ። ዲንሾ ላይ ፈረስ በተራ ነው። ተራውን የሚያስከብሩ የአካባቢው ሰዎች አሉ። ቸኩላችሁ የምታውቁትን ልጅ ፈረስ ብትወስዱ ተራ ሲጠብቅ የሰነበተው ሰው ምን ይላል? እሱም ተራራው ላይ ከብት የሚያሰማራ ሰው ነው። ፓርኩን የሚጠብቀውም የሚጎዳውም እሱ ነው። ስለዚህ ተራ ይከበር። የአካባቢ አስጎብኚ ይቀጠር፤ ከአዲስ አበባ የሄደው አስጎብኚ የቱንም ያህል ቢያውቅ። የፓርክ መግቢያ ይከፈል፣ ደረሰኝ ይያዝ። በሩ ላይ የሚሠራው ሰው የሚያውቃችሁ ቢሆንም።

እኔ ክፍያውን ማታ እሳት ዳር፣ ሁሉም ባለበት እቆጥራለሁ። የፈረሱ ይህን ያህል፣ የስካውቱ ይህን ያህል፣ የወጥ ሰሪዋ ይህን ያህል። እንግዶቹም ይሰማሉ። መጀመሪያ ላይ አፍሬ ነበር። አሁን እንግዶቹ ራሳቸው ይጠይቁኛል። ከሃረና ጫካ ማር እንገዛለን፣ ሪራ ላይ የጫካ ቡና እንጠጣለን፣ ቡናውን ቆልታ ለምታፈላው እናት በእጇ እንከፍላለን። ውሃ ከዚህ አንጭንም፤ ማጣሪያ ይዘን እዚያው እንቀዳለን።

አስር ሳንቲም ላይ ያለውን እንስሳ ታስታውሳላችሁ? ሳንቲሙን ልጅ እያለን ከረሜላ ገዝተንበታል። ያ የደጋ አጋዘን ነው፣ ኒያላ የምንለው። ዲንሾ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት አካባቢ ጥዱ ውስጥ ቆሞ ታገኙታላችሁ። የዓለም ሳይንስ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። የባሌ ሰው ግን መቼም አላጣውም።

ይህን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ አዲስ አበባ ተቀምጠን «ማኅበረሰቡን እናስተምራለን» ማለት እናበዛለን። እስቲ መንዝን ተመልከቱ። ጓሳ የሚባል ቦታ አለ፣ ከዚህ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ። ስሙ የሣሩ ስም ነው። ጓሳ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ገሳ ይሠራበታል። የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ይህን መሬት ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ በደንብ እስኪያድግ ለዓመታት ይዘጋል። ማጨድም ማሰማራትም የለም። የሚከፈትበትን ቀን የሚወስኑ የተመረጡ ሰዎች ነበሩ። የሚጠብቀው ተራ በተራ ራሱ ገበሬው ነው።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ። ሰው ግን አልረሳውም። በኋላ በሌላ መልክ፣ በየቀበሌው ኮሚቴ አቋቁመው መልሰው ያዙት። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ነው። ማኅበረሰቡ የሚያስተዳድረው የእንግዳ ማረፊያ አለው። ቱሪዝም የሚባል ቃል ሳይመጣ ጥበቃው ነበረ። እኛ የምንደርሰው እንግዲህ በሰው ሥራ ላይ ነው። እንደ እንግዳ ነው መግባት ያለብን።

እዚያ የታየ አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፤ በጣም ነው የምወደው። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ ጭላዳ መንጋ መሃል ገብቶ አይጥ ያድናል። ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፣ እሱም ግልገላቸውን አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ቆጥሮታል። ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ነው የሚሳካለት። ጭላዳ መሃል ሲሆን ግን ከሦስት ሁለቱ ይሳካለታል። ይህን ለማወቅ ስንት ቀን ዝም ብሎ መቀመጥ እንደሚጠይቅ አስቡት። በአውቶቡስ መጥቶ በሃያ ደቂቃ የሚሄድ ሰው ይህን አያይም።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። ኮቪድ ሲመጣ እንግዳ በአንድ ጊዜ ቆመ። ቀጥሎ ጦርነት መጣ። ዛሬም ቢሆን በልባችን ያለ ቦታ ሁሉ የሚኬድበት አይደለም። ስልክ እየደወልኩ «ዘንድሮም አልመጣም» ስል የሚሰማኝን እኔ አውቀዋለሁ። በፈረሱ ብቻ ይተዳደር የነበረ ሰው ፈረሱን መሸጡን የሰማሁት በስልክ ነው። ስለዚህ ለአካባቢው ሰው «ቱሪስት ይመጣል፣ እርሻውን ተወው» አንበል። የማንጠብቀው ቃል ነው። ማር ይኑረው፣ ገብስ ይኑረው፣ በግ ይኑረው፤ የኛ ገንዘብ በዚያ ላይ የሚጨመር ይሁን። ባሌ እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ደስ ብሎኛል። ሰሜን ተራሮች ግን እ.ኤ.አ. በ1978 ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ፣ የወጣው በ2017 ነው። መመዝገብ ብቻውን አልጠበቀውም።

እነዚያ ክፉ ዓመታት ግን አንድ ነገር ሰጡኝ። የአዲስ አበባን ሰው። የውጭ እንግዳ ሲጠፋ ነው ቀና ብዬ ያየሁት። ልጁን ይዞ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ይሄድ የነበረ አባት አለ። ቅዳሜ ጠዋት ጫማውን አጥብቆ ተራራ የሚወጣ ወጣት አለ። የናንተ የሃይኪንግ ቡድኖች ሰውን ከቤት አውጥታችኋል፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። እኔ ከልቤ ነው የማመሰግናችሁ። የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። ስፒከሩን አውቶቡሱ ውስጥ ተዉት። እንስሳ ያለበት ቦታ ስትደርሱ ደግሞ ሰውን በቡድን በቡድን ከፍላችሁ፣ ለየቡድኑ አንድ የአካባቢ ልጅ ቀጥራችሁ አስገቡት። አርባ ሰው ቢኖራችሁ አምስት ልጅ ሥራ አገኘ ማለት ነው።

ዋጋውስ? ስምንት ሰው ሲሆን ለአንዱ እንደሚወደድ አውቃለሁ። እኔ የማደርገው ይህ ነው። በላንድክሩዘር ፈንታ ሃይሩፍ። በሎጅ ፈንታ የመንደር ቤት ወይም ድንኳን። የታሸገ ምግብ የለም፤ በጾም ሽሮና ጎመን፣ በፍስክ እንቁላል፣ ስንቅ በሶና ቆሎ። ደመወዝተኛው በወር በወር እየከፈለ እንዲጨርስ እፈቅዳለሁ። ካልከፈለኝ ሰው ጋር እስከ ዛሬ አልተጣላሁም፤ ሁሉም ከፍሏል።

ከጥያቄዎቹ መሃል አንዲት ወጣት አስጎብኚ ያነሳችው ጥሩ ነበር። «ጋሼ፣ እንግዳው ይህን ሁሉ መንገድ መጥቶ እንስሳው ባይታይስ?» አለችኝ። ይህ ፍርሃት ነው እኔን ከመንገድ ያስወጣኝ፣ እዚያ ሳነቴ ላይ። ስለዚህ ከመነሳታችን በፊት ነው የምናገረው። ቀይ ቀበሮ አሳያችኋለሁ ብዬ አላውቅም። ቀበሮው ያለበት ቦታ እወስዳችኋለሁ እላለሁ። ለሁለት ቀን ይያዝ የነበረውን ጉዞ ወደ አራት አሳድጌዋለሁ። የተቻኮለ ሰው ነው እንስሳ የሚያሳድደው። እንስሳው ባይታይ ደግሞ ጉድጓዱ አለ፣ ኩሱ አለ፣ ዱካው አለ። እረኛው ትናንት ማታ ያየውን ይነግራችኋል። ወፏ አለች። ይህን ማሳየት የማይችል አስጎብኚ ቀበሮውንም በደንብ አላሳየም።

ሌላው ጠያቂ ሾፌር ነው። ሃያ ዓመት ነድቷል። «እንግዳው ጉርሻ ይዞ ግባ ሲለኝ እምቢ ብል ማን ይከፍለኛል?» አለ። እውነቱን ነው። ሾፌሩን ብቻውን እንግዳ ፊት አቁመን እምቢ በል ማለት ግፍ ነው። እምቢ ማለት ያለበት ድርጅቱ ነው፣ በጽሑፍ፣ ገንዘቡ ሳይከፈል በፊት። እኔ ጋር ውሉ ላይ ሦስት መስመር አለ። ከመንገድ አንወጣም። እንስሳ አናበላም። ፓርክ ውስጥ በማታ አንነዳም። ሳነቴን ሰንጥቆ የሚያልፈው መንገድ ላይ የመኪና አደጋ የሚደርሰው በሰው ላይ ብቻ አይደለም። ሾፌሩ ወረቀቱን ያሳያል፤ ጭቅጭቅ የለም። ጉርሻው ደግሞ ለሁሉም በእኩል የሚከፋፈል ስለሆነ ማንም አንዱን ለይቶ ሊገዛው አይችልም። ሾፌሩ ወረቀቱን ልየው አለኝ። ሰጠሁት። ስትወጡ ለሌሎቻችሁም አለ፤ እንደፈለጋችሁ ቀይራችሁ ተጠቀሙበት።

የሚቀጥለው ቅዳሜ መናገሻ ሱባ እንሄዳለን። ቅርብ ነው፤ ከከተማው በስተምዕራብ ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተክለውታል ይባላል። መቶ ዓመታት ያስቆጠሩ ጥዶች አሉ፣ ጉሬዛ አለ፣ የምኒልክ ድኩላ አለ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት አራት ኪሎ ሐውልቱ ጋ እንገናኝ። የሚጠጣበት ኩባያና ወፍራም ሹራብ ያዙ። ውሃ አትግዙ። የደን ጠባቂውም የአስጎብኚው ልጅም ክፍያ ስንት እንደሆነ መኪና ውስጥ እነግራችኋለሁ። ቦታው ስምንት ነው፤ ሦስቱ ተይዟል።